ጤናማ አየር ያከሰረው ሰው

በኦክቶበር 1730 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሃን ሰባስቲያን ባህ ከሊፕዚግ ከተማ ለአንድ የድሮ ጓደኛው ደብዳቤ ጻፈ። ነገሩ “ሥራ ፈልግልኝ” ነው። ኑሮ ተወደደ፣ አለቆቼ ለሙዚቃ ግድ የላቸውም። ይሄን እኛም ስንለው ውለን እናድራለን። ቀጥሎ ግን እኛ ጮክ ብለን የማንለውን ተናገረ። ለቀብር መዝሙር ስለሚከፈለኝ ቀብር ሲበዛ ገቢዬ ይጨምራል፣ አየሩ ጤናማ ሲሆን ይቀንሳል፤ አምና በዚሁ ምክንያት ከ100 ታለር በላይ ቀርቶብኛል አለ። (ታለር የጠገራ ብራችን ዘመድ ነው፤ ቀላል ገንዘብ እንዳይመስላችሁ።)

ክፋት አይደለም። የሬሳ ሳጥን የሚሠራ ጎረቤት ያለው ሰው ያውቀዋል። “ሥራ እንዴት ነው?” ሲሉት “ኧረ ቀዝቅዟል” ካለ፣ አይዞህ ይባላል ወይስ እልል?

ያ አምና 1729 ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ባህ የሚያስተምርበት የቶማስ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ኤርኔስቲ አረፉ። እሳቸው እንኳ አላሳፈሩትም። ለቀብራቸው ባህ ለሁለት መዘምራን የሚሆን ሞቴት፣ ማለት በኅብረት የሚዘመር መንፈሳዊ መዝሙር፣ ጻፈ። ሞቴት ከሞት ጋር ዝምድና የለውም። እኔ ግን ስሙን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ነጠላዬን ላዘቀዝቅ ምንም አልቀረኝም ነበር።

መዘምራኑ ሁለት ወገን ናቸው፤ በየወገኑ አራት አራት ድምፅ። አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ያነሳል። ማሕሌት ቆሞ ያደረ ሰው ቀኝና ግራው ሲቀባበሉ ስላየ ይሄ አያስደንቀውም። አንዱን ወገን ቫዮሊንና ዘመዶቹ ያጅቡታል፤ ሌላውን ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ። አጃቢው ለውበት ብቻ የገባ አይመስለኝም። ባህ ከደብዳቤው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ለከተማው ምክር ቤት ባስገባው ማመልከቻ ላይ የትምህርት ቤቱን ዘማሪ ልጆች አንድ በአንድ ቆጥሯቸዋል፦ የሚረቡ 17፣ ገና የሚቀራቸው 20፣ ጭራሽ የማይሆኑ 17።

የእኛም ለቅሶ ቤት ቢቆጠር ከዚህ አይርቅም። ሲሶው ከልቡ ያለቅሳል። ሲሶው መቼ “ወይኔ” እንደሚባል የሰው አፍ ያያል። የቀረው ድንኳኑ ጥግ ካርታ ይዟል። በነገራችን ላይ ንፍሮው ሲዞር ቀድሞ የሚደርሰው የካርታው ወገን ነው።

የሞቴቱ ቃል ከሮሜ መልእክት ምዕራፍ 8 የተወሰደ ነው፦ “መንፈስ ድካማችንን ያግዛል።” እንዴት እንደምንጸልይ አናውቅም፣ መንፈስ ራሱ ግን “በማይነገር መቃተት ይማልድልናል” እያለ ይቀጥላል። 17ቱ የማይሆኑት ልጆች ይሄን ሲዘምሩት ታየኝ። መቃተቱ ላይ ልምምድ አያስፈልጋቸውም።

ጓደኛው ሥራ አላስገኘለትም። ባህ እዚያው ሊፕዚግ ሌላ 20 ዓመት ያህል ቀብር ሲጠብቅ ኖሮ በ1750 ሞተ። ያኛው ቀብር አልተከፈለውም።