ችግኝ ትከሉ፣ ዝም በሉ

በአዲስ አበባ ጫፍ፣ አቃቂ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሰሞኑን የተማሪዎቹን ሚኒ ሚዲያ አፉን አስይዞታል። ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ዘፈን መክፈት ይቻላል። የእንግሊዝ ኳስ ውጤት ማንበብም ይቻላል። የተከለከለው «ከመማር ማስተማሩ ጋር ግንኙነት የሌላቸው የውጭ ጉዳዮች» የተባሉት ናቸው። ልጆቹ ምን አጠፉ? የአካባቢ ጥበቃ ክበቡና ሚኒ ሚዲያው ተባብረው በእረፍት ሰዓት የሚሰማ ተከታታይ ዝግጅት ጀመሩ። መጀመሪያ ስለ ሱዳንና ስለ ጋዛ ጦርነት፣ ቀጥሎ ስለ ሰብዓዊ መብት አቀረቡ። ሦስተኛው ክፍል በሰፈራቸው ስለሚያልፈው ወንዝ ነበር። ሳይቀርብ ቀረ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ውሳኔው ብቻ አይደለም። በወላጆች ስብሰባ ላይ ከመድረክ የተሰጠው ምክንያት ነው። «ልጆቹ ችግኝ ይትከሉ። አካባቢ ጥበቃ ማለት እሱ ነው። የሩቅ አገር ጦርነትና መብት ምን ይፈይድላቸዋል?» ተባለ። ከወላጁም ብዙው አጨበጨበ።

የለንደን ክለብ ውጤት የውጭ ጉዳይ ካልሆነ የካርቱም ጦርነት በምን ሒሳብ የውጭ ጉዳይ ይሆናል? ሱዳን ድንበራችን ናት። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ከተነሳ ወዲህ በመተማ በኩል ነፍሱን ብቻ ይዞ የገባው ሕዝብ ብዙ ነው። ቤሩትስ ሩቅ ነው? በእኛ ሰፈር ልጁን፣ እህቱን ወይም የአክስቱን ልጅ ወደ ዓረብ አገር ያልሸኘ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። በመስከረም 2017 ሊባኖስ ላይ ቦምብ ሲዘንብ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ፣ በር የተቆለፈባቸው ኢትዮጵያውያት ነበሩ። ያን ሰሞን አንዲት ጎረቤቴ ስልኳን ከእጇ አላወረደችም። እንጀራ እየጋገረች ስልክ፣ ቡና እያፈላች ስልክ። ልጇ የምትሠራበትን ሰፈር ስም በትክክል መጥራት ያቅታታል። የትኛው ሰፈር እንደተመታ ግን ከዜናው ቀድማ ታውቅ ነበር። የዚች እናት ታናሽ ልጅ እዚሁ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። እሱን «የሩቅ አገር ጦርነት ምን ይፈይድልሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ እስቲ ቤታቸው ሄዶ ይጠይቀው።

ዘይቱንስ ረሳነው? ሩሲያ ዩክሬንን የወረረችው የካቲት 17 ቀን 2014 ነው። ብዙም ሳይቆይ አምስት ሊትር ዘይት ወደ ሺህ ብር ተጠጋ። ባለሱቁን «ለምን?» ብንለው መልሱ «ዩክሬን» ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ 23 ሺህ ቶን ስንዴ ጭና ከዩክሬን ጅቡቲ የደረሰችው መርከብ የመጣችው ለእኛው ተረጂዎች ነው። ጓዳችን ድረስ የገባን ጦርነት ለልጅ አታስረዱት ማለት ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

የራሳችንንም ታሪክ አለማወቅ ነው። በ1928 ዓ.ም. የሩቅ አገር የተባልነው እኛ ነበርን። የፋሺስት አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ሲያርከፈክፍብን ለብዙ እንግሊዛዊ ኢትዮጵያ ካርታ ላይ የማያገኛት አገር ነበረች። እንግሊዛዊቷ ታጋይ ሲልቪያ ፓንክረስት ግን «ምን አገባኝ?» አላለችም። ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፍ ጋዜጣ አቋቁማ ለ20 ዓመታት አሳተመችው። ኒው ዮርክ፣ ሐርለም ሰፈር ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን አይተዋት ለማያውቋት ኢትዮጵያ አደባባይ ወጡ። ለእነዚያ ሰዎች ስለ ሩቅ አገር ማውራት ምን ፈየደላቸው ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ሲልቪያ የተቀበረችው እዚሁ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው፤ ሄዶ ለምን እንደሆነ ይወቅ። እኛም ብድሩን መልሰናል። በ1960 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በያዘቻት በናሚቢያ ጉዳይ ዘ ሔግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሳለች። ናሚቢያ ከአቃቂ ምን ያህል እንደምትርቅ ያኔ የለካ አልነበረም።

አሁን ወደ ወንዙ ልምጣ። ዋናው ነገር እሱ ነውና።

ከስብሰባው የሰማሁት ነገር በአጭሩ ይሄ ነው፦ አካባቢ ጥበቃ ችግኝ ነው፣ መብት ፖለቲካ ነው፣ ጦርነት የሩቅ ነው። ሦስቱን ነጣጥሎ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው የአቃቂ ወንዝ መልስ አለው። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ጠዋት የጠቆረው ውኃ ከሰዓት በኋላ ሌላ መልክ ይዞ ታገኙታላችሁ። ድንጋዩ ሥር ነጭ አረፋ ተቆልሎ ነፋስ ሲመጣ እየተቆረሰ ይበራል። ከድልድዩ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ገበሬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቆስጣ ያጥባል። እስር እስሩን ውኃው ውስጥ ነክሮ፣ አራግፎ፣ ማዳበሪያ ላይ ይደረድረዋል። አፈሩ ይለቃል፤ ቅጠሉ ያብረቀርቃል። ከዚያ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ገበያ ይሄዳል። ላሞቹ ከዚያው ይጠጣሉ። ወንዙም ቆሻሻውን ይዞ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት፣ አሁን እምቦጭ የወረረው ሐይቅ ማለት ነው። ከዚያም ወደ አዋሽ። አዋሽ የስንት ሕዝብ መጠጥ እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ውኃው ውስጥ ምን እንዳለ ድብቅ አይደለም። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየም የሚባል ብረት አለ። የጨርቃ ጨርቅ ቀለም አለ። የጋራዥ ዘይት አለ። ከመላው ከተማ የሚወርድ የሽንት ቤት ፍሳሽ አለ። በአቃቂ ውኃ የሚለማ አትክልት ላይ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። የከተማው የላይኛው ክፍል የወንዝ ዳርቻ መናፈሻ ተሠርቶለታል፤ ሣሩ ተከርክሟል፤ መብራቱ በርቷል። የላይኛው ሲዋብ የታችኛው ምን ሆነ? ቆሻሻው በግራቪቲ ወደ እኛ ነው የሚወርደው። ጫፍ ላይ መኖር ማለት ይሄ ነው።

እስቲ ይህን በችግኝ አክሙት። ከሐምሌ 22 ቀን 2011 ጀምሮ፣ ማለትም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ከተባለበት ቀን ጀምሮ፣ ልጆቻችን በየክረምቱ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ይትከሉ፣ ጥሩ ነው። ግን ክሮሚየምን የሚያቆመው ፋብሪካው በር ላይ የሚቀመጥ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው እንዲሠራ የሚያደርገው ተቆጣጣሪ ነው። ተቆጣጣሪውን ከወንበሩ የሚያስነሳው ደግሞ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ነዋሪ ነው። ትምህርት ቤቱ አፉን የዘጋው እንግዲህ ነገ ይህን የሚጠይቀውን ነዋሪ ነው።

ልጆቹ ደግሞ ከሜዳ ተነስተው አልጠየቁም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ይህ ከውጭ የገባ ጉዳይ አይደለም፤ የአገራችን ሕግ ነው። በ1995 የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የበለጠ ሄዷል። ጉዳቱ እኔን ነካኝ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት ማንም ሰው በበካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ደንግጓል። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል ብሏል። ከተማ አስተዳደሩም በ2017 ወንዝ በካይን የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል። ልጆቹ ጽፈውት የነበረው ጥያቄ፣ ረቂቁን ያየ ሰው እንደነገረኝ፣ በዚህ ሕግ በእኛ አካባቢ ማን ተቀጣ የሚል ነው። ይህን መጠየቅ ከመማር ማስተማሩ ጋር ግንኙነት የለውም? እንግዲያስ የዜግነት ትምህርት ለምንድን ነው የሚሰጠው?

«ምን ይፈይድላቸዋል?» ለተባለውም መልስ አለኝ። ሞምባሳ ዳርቻ ላይ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል የድሆች ሰፈር አለ። አሮጌ ባትሪ አቅልጦ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ አጠገቡ ተተከለ። ፊሊስ ኦሚዶ የምትባል ሴት እዚያ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሕፃን ልጇ ታመመ። ሲመረመር ደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ሌሎቹንም የሰፈሩን ልጆች አስመረመረች፤ በእነሱም ላይ ተገኘ። ጮኸች። ታሰረች። አላቆመችም። ፋብሪካው በ2014 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በ2020 የኬንያ ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሣ ፈረደ። መንግሥት ይግባኝ ብሎ ጉዳዩ ዓመታት ከወሰደ በኋላ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካሣውን ፍርድ መልሶ አጸናው። የኦዊኖ ኡሁሩ እናቶች ችግኝ ይትከሉ ተብለው ቢሆን ኖሮ ልጆቻቸው ዛሬም እርሳስ ይተነፍሱ ነበር።

የአቃቂ ልጅ ስለ ኦዊኖ ኡሁሩ መስማት ያለበት ለዚህ ነው። የራሱን ወንዝ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ሲያየው ስላደገ ወንዝ ሁሉ የሚሸት ይመስለዋል። ሌላ አገር፣ ልክ እንደሱ ያለ ሰፈር ውስጥ፣ ልክ እንደ እናቱ ያለች ሴት ጉዳዩን ፍርድ ቤት አድርሳ እንዳሸነፈች ሲሰማ ነው የእኛስ ብሎ የሚነሳው። ስለ ሩቅ የማያውቅ የቅርቡን መጠየቅ አይችልም። እኔ ይህን ከልቤ አምናለሁ። ማስረጃህን አምጣ የሚለኝ ካለ ልጆቹ ራሳቸው ማስረጃ ናቸው፤ ከሱዳን ጀምረው፣ በመብት አልፈው፣ ማንም ሳይነግራቸው ወንዛቸው ላይ ደረሱ። በሩን የዘጉባቸው እዚያ ሲደርሱ ነው።

ዝም ማለትማ ሞክረነው አይተነዋል። ዝም አይነቅዝም እየተባልን ነው ያደግነው። ቆሼ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲከመር ዝም ተባለ። ሰው ከሥሩ ቤት ሠርቶ፣ ላዩ ላይ ፌስታልና ብረት ለቅሞ እየኖረ፣ ክምሩ ሲያድግ ሁሉም እያየ ዝም አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ተንዶ ከ110 በላይ ሰው በላ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከሞቱ በኋላ ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በሕይወት እያሉ ጤናማ አካባቢ ላይ የመኖር መብት አላችሁ ብሎ በማይክራፎን የነገራቸው ግን ማን ነበር?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐምሌ 2014 ላይ ንጹሕ አካባቢን ሰብዓዊ መብት አድርጎ ሲያጸድቅ 161 አገሮች ደገፉ። ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት ስምንቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሕገ መንግሥቷ ውስጥ የጻፈችውን መብት ኒው ዮርክ ላይ መደገፍ ያቃታት ለምን እንደሆነ ልጆች ቢጠይቁ ይገባቸዋል። አዋቂዎቹ አልጠየቅንም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። የጦርነት ምስል ያለ አስተዋይ መምህር ለሕፃን መልቀቅ ጥሩ አይደለም። መፍትሔው ግን አንድ መምህር አብሮ መመደብ ነው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው። ልጆቹ የጦርነቱን ምስል ቤታቸው ገብተው ቲክቶክ ላይ ያዩታል፤ ያውም ማንም ሳያስረዳቸው፣ ከውሸት ጋር ተደባልቆ። በትምህርት ቤት የተከለከለው ማየቱ ሳይሆን አንብቦ፣ አጣርቶ፣ በጓደኛ ፊት ቆሞ መናገሩ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር የምለው፦ እገዳውን አንሱ፤ ሦስተኛውን ክፍል ልጆቹ ያቅርቡ፤ ስህተት ካለበት በዚያው ማይክራፎን ይታረም። ያጨበጨባችሁ ወላጆችም የልጆቻችሁን ረቂቅ ተቀብላችሁ አንብቡት። ከድልድዩ በታች ስላለው አትክልት፣ ስለሚለቀቀው ፍሳሽ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚለቀቅ ጭምር ጽፈዋል ይባላል። አዋጁ ለአቤቱታ የሚጠይቀው ከዚህ ብዙም የበለጠ ነገር አይደለም። ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ደብዳቤ ለማስገባት የሚፈልግ ወላጅ ካለ እኔም እፈርማለሁ።