ራሱን የቻለ ልጅ፣ በእኛ እርዳታ

የዘንድሮን ወላጅ ለልጅህ ምን ትመኛለህ ብትሉት "ራሱን እንዲችል ነዋ!" ይላችኋል፣ ይህን የሚለው ግን መሬት ላይ ተንበርክኮ የ9 ዓመት ጎረምሳ ጫማ እያሰረ ነው። ጎረምሳው ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ "ሌላኛውን" ሲሉት ብቻ እግር ይቀይራል። ለምን ራሱ አያስርም ካላችሁ "እሱ እስኪያስር ይረፍድብናላ!" ነው መልሱ።

ልጁ እኮ በ3 ዓመቱ መጥረጊያ ካልያዝኩ ብሎ ሲንፈራፈር ነበር። ያኔ "ተው ትቆሽሻለህ" ብለን ቀማነው። 13 ሲሞላው ያንኑ መጥረጊያ ስናቀብለው እንደ እባብ ያየዋል፣ እኛም "የዘንድሮ ልጅ ሥራ አይወድም" እያልን ወሬያችንን እንቀጥላለን።

የስልኩን ነገርማ ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2019 ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን በቀን ቢበዛ 1 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ቢያንስ ደግሞ ይመረጣል፣ 1 ዓመት ላልሞላውማ ጭራሽ አይመከርም ብሏል፣ ሁላችንም ይህን አንብበናል፣ ያነበብነው ስልክ ላይ ነው፣ ልጁም ትከሻችን ላይ ተንጠልጥሎ አብሮን አይቷል። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ አፉ የሚከፈተው ካርቱኑ ሲከፈት ነው፣ ኔትወርክ ከተቆራረጠ ማኘክም ይቆማል። እንግዲህ ይህ ልጅ መቼ ራበኝ መቼ ጠገብኩ እንደሚል እሱም አያውቅ እኛም አናውቅ።

የትምህርት ቤት ፕሮጀክትም አለላችሁ፣ ልጁ ተኝቶ እናትና አባት እኩለ ሌሊት ድረስ ካርቶን ሲቆርጡ፣ በማስቲሽ ሲለጣጥፉ፣ ፀሐይዋ ተለቀች አነሰች እያሉ ሲጨቃጨቁ ያድራሉ፣ በነጋታው "ከ10 ስንት አገኘን?"

ግን ከሁሉም የሚያስፈራው ልጁ አንድ ነገር የወደደ ዕለት ነው። ልጅቷ ደስ ብሏት ትስላለች እንበል፣ በሳምንቱ አስተማሪ ተቀጥሮ፣ ፕሮግራም ወጥቶ፣ በየሥዕሉ ሽልማት ቃል ተገብቶላት ቁጭ! የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሌፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ1973 ባሳተሙት ጥናት መሳል የሚወዱ ሕፃናትን ሽልማት እንሰጣችኋለን ብለው አሳሏቸው፣ ከዚያ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ሲታዩ እነዚህ ልጆች ለመሳል ያዋሉት ጊዜ ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ሳይነገራቸው ድንገት የተሸለሙትን ግን ምንም አላላቸውም። እኛ ይህን ሰምተን የደረስንበት መደምደሚያ፦ ሽልማቱ አንሶ ነው።

የልጅቷም ቀለም አሁን አልጋ ሥር ነው። ሰሞኑን ወላጆቿ ጠርተው "እሺ የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ራስሽ ምን ማድረግ ነው የምትፈልጊው?" አሏት።

"ዝም ብዬ መቀመጥ።"

ይኸው ዝም ብሎ መቀመጥ የሚያሠለጥን ጎበዝ ሰው እያፈላለጉ ናቸው፣ ቢቻል ሰርተፍኬት ያለው።