ላደሬን ተገኘ ማለት ባክቴሪያው በሕይወት አለ ማለት አይደለም

ወዳጄ፣ «ከባሕር ወለል ጭቃ ላደሬን ከወጣ፣ አናሞክስ ባክቴሪያ አሁን እዚያው እየሠራ ነው» ብለሃል። ግማሹ ልክ ነው። ላደሬን እንደ መሰላል የተያያዘ ቅባት ነው፤ አናሞክስ ከሚባሉት፣ ኦክስጅን በሌለበት አሞኒየምን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ከሚለውጡት ባክቴሪያዎች በቀር የሚሠራው አይታወቅም። ግን ባክቴሪያው ሲሞት ቅባቱ አብሮት አይጠፋም። ቶሎ የሚረግፈው ፎስፌት የያዘው ጫፉ ነው፤ መሰላሉ ይቆያል። በአረብ ባሕር ደለል ውስጥ እኮ 140 ሺህ ዓመት ገደማ ወደኋላ ድረስ ተገኝቷል! ሕያዋኑን የፈለገ ሰው ጫፉ ያልረገፈውን ሙሉ ሞለኪውል ይለካል። እሱም ለብቻው አይበቃም። በ2003 አናሞክስ በጥቁር ባሕር መኖሩን ያሳዩት ተመራማሪዎች ከቅባቱ ሌላ፣ ናይትሮጅን 15 (ዱካውን መከተል የሚቻል ከበድ ያለ የናይትሮጅን ዓይነት) ያለበት አሞኒየም ውሃው ላይ ጨምረው ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ሲለወጥ ለክተዋል።