ጠቅ አድርገህ ንገሥ

ዲሞክራሲ ሰለቸን የምትሉ ሁሉ፣ እስቲ ጣልያንን እዩ። ኮሚቴ፣ ክርክር፣ ጭቅጭቅ… ምን ያደርጋል? ስልክህን ታወጣለህ፣ “አዎ” የሚለውን ጠቅ ታደርጋለህ፣ አገር ገዛህ። ቡናህም አልቀዘቀዘ።

ይህን ጸጋ ያወረዱልን ጋሽ ቤፔ ግሪሎ ናቸው። ሙያቸው ሰው ማሳቅ ነው። ድሮ መድረክ ላይ ኮምፒውተር ይሰባብሩ ነበር። ኋላ ጃንሮቤርቶ ካሳሌጆ ከሚባሉ የኢንተርኔት ሰው ጋር ገጠሙና ኢንተርኔት ያድነናል አሉ። በ2009 “ባለ አምስት ኮከብ ንቅናቄ”ን መሠረቱ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ፖለቲከኛ ሁሉ ሌባ ነው፣ ሕዝቡ ራሱ ይወስን! ማን ይጠላል? በ2018 ምርጫ ከ10 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝተው አንደኛ ወጡ።

ሕዝቡ የሚወስንበት ድረ ገጽ “ሩሶ” ይባል ነበር። ካሳሌጆ በ2016 ሲሞቱ ነገሩ ለልጃቸው ተላለፈ። ሥልጣኑ የሕዝብ፣ ቁልፉ የልጅ። የምክር ቤት አባላቱም ለድረ ገጹ በወር 300 ዩሮ ያዋጡ ነበር።

ሕዝቡ ሲሳሳትም ዝም አይባልም፣ ይታረማል። በ2017 ለጀኖቫ ከንቲባነት የሚቀርበው እጩ በኢንተርኔት ተመረጠ። አንዲት ሴት አሸነፉ። ጋሽ ቤፔ አልወደዷቸውም። ውጤቱን ሰረዙና “እመኑኝ” አሉ። በቃ። ምርጫ ቦርድ፣ ታዛቢ፣ አቤቱታ ሰሚ፣ ሁሉም በአንዲት ቃል ተጠቃለለ።

የጥበቡ ጥግ ግን የ2019ኙ ነው። ቀደም ባለው ክረምት ዲቾቲ የምትባል የጣልያን ጠረፍ ጠባቂ መርከብ ከባሕር ያወጣቻቸውን ስደተኞች ይዛ ካታኒያ ወደብ ቆማለች። 177 ሰው፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማቴዮ ሳልቪኒ “አይወርዱም” አሉ። ሰዎቹ ወደቡን እያዩ ቀናት ቆጠሩ። ዳኞች ይህማ ሰው ማገት ነው ብለው ሚኒስትሩን ለመክሰስ የሴኔቱን ፈቃድ ጠየቁ። ችግሩ፣ ንቅናቄው ከሳልቪኒ ጋር መንግሥት መሥርቷል። ባለሥልጣን ከሕግ በላይ አይሁን እያለ ሲጮህ የኖረም እሱው ነው። ታዲያ ምን ይሻላል? ሕዝቡ ይጠየቅ!

ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ የስደተኞቹ መውረድ የዘገየው የመንግሥትን ጥቅም ለማስጠበቅ ነው ወይ? “አዎ” ካልክ፣ እንግዲያው ክሱ አይፈቀድም። “አይ” ካልክ፣ እንግዲያው ይፈቀዳል። ይከሰስ የሚል “አይ”ን ይጫናል፣ አይከሰስ የሚል “አዎ”ን። ጋሽ ቤፔ ራሳቸው “አዎ ካላችሁ አይ ማለት ነው፣ አይ ካላችሁ አዎ” ብለው ቀለዱበት። ድረ ገጹ ተጨናነቀ፣ ሰዓቱ ተራዘመ። 52 ሺህ ያህል ሰው ጠቅ አደረገ፣ 59 ከመቶው “አዎ” አለ። ሴኔቱም ክሱን አልፈቀደም። 10 ሚሊዮን ሰው የመረጠው ፓርቲ መሆኑን አትርሱ፤ “ሕዝብ” የተባለው ግን 52 ሺው ነው። 177ቱን ማን ይጠይቃቸዋል፣ የይለፍ ቃል የላቸውም።

መንግሥት ምሥረታ ላይማ ሕዝቡ አሳፍሮ አያውቅም። በ2018 ከቀኙ ሳልቪኒ ጋር እንግባ? 94 ከመቶ አዎ። በ2019 ሲራገሙት ከኖሩት ከግራው ዲሞክራቲክ ፓርቲ ጋር? 79 ከመቶ አዎ። በ2021 የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክን ሲመሩ የነበሩት ማርዮ ድራጊ መንግሥት ሊመሠርቱ መጡ። የባንክ ሰው! ንቅናቄው ድሮ እንዲህ ዓይነቱን ስም ሲሰማ ያማትብ ነበር። ጥያቄው ግን የሚጀምረው ለአካባቢ ጥበቃ ከሚቋቋም ትልቅ ሚኒስቴር ነው። ከዚያ የንቅናቄውን ድሎች ስለ መጠበቅ ያወራል። ድራጊ የሚለው ስም ጭራው ላይ ነው። 59 ከመቶ አዎ። ያልተገላበጠ ያራል።

በዚያው ዓመት ንቅናቄውና የድረ ገጹ ባለቤት በውዝፍ ክፍያ ተጣሉ። ልጅየው የአባላቱን ዝርዝር አልሰጥም አሉ። የግል መረጃ ጠባቂው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ፣ ሉዓላዊው ሕዝብ መያዣ ሆኖ ሰነበተ።

በ2024 መጨረሻ ደግሞ አባላቱ ስለ ጋሽ ቤፔ ተጠየቁ። የንቅናቄው “ዋስ” የሚባለው የዕድሜ ልክ ወንበራቸው ይቅር ወይስ ይኑር? 63 ከመቶው ይቅር አለ። ጋሽ ቤፔ ደንቡ ይፈቅድልኛል፣ ይደገም አሉ። ተደገመ። 80 ከመቶ።