ጭላዳን ከወደድን ሣሩን እንተውለት

የቱሪዝም ፖስተር ላይ ጭላዳ አይጠፋም። ቀይ ደረቱና ረጅም ጎፈሩ ለፎቶ ይመቻል። ምን በልቶ እንደሚኖር ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ሣር ነው የሚበላው። የእኔም ሙግት እዚሁ ላይ ነው፤ ሣሩን እየወሰድንበት እንስሳውን ማድነቅ ለጭላዳ ምንም አይፈይድለትም።

ሲግጥ ያየ ሰው ይገባዋል። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ይነጫል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ እንደ ወረንጦ ገጥመው ቅጠሉን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። ከፊቱ ያለው ሲያልቅ እንኳ አይነሳም፣ ተንፏቆ ትንሽ ወደፊት ይላል። ተመራማሪዎች ቀዩ ምልክት ደረቱ ላይ የወጣው በዚህ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሌሎቹ ዝንጀሮዎች መቀመጫቸው ላይ የሚያሳዩትን እሱ፣ ውሎው ቁጭ ብሎ ስለሆነ፣ ደረቱ ላይ ያሳያል።

የቅርብ ዘመዶቹ በጥንት ጊዜ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና ህንድ ድረስ ነበሩ። ሁሉም ጠፍተዋል። የቀረው የኛ ደጋ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ሣሩ ደግሞ የሚያኖረው እሱን ብቻ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለው የመንዝ ጓሳ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መሃል እየተዘዋወሩ አይጥ ያድናሉ። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፣ ቀበሮዎቹም ግልገል አይነኩም ማለት ይቻላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮዎቹ በመንጋው መሃል ሆነው ካደኑት 67 በመቶው ተሳክቶላቸዋል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ 25 በመቶው ብቻ። እንዲህ ያለ ጉርብትና ሣሩ ከታረሰ አይኖርም።

የመንዝ ሰው ይህን ሜዳ ለብዙ ዘመን ጠብቆታል። የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድም ይሆናል። ስለዚህ ቦታውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ብቻ ለአጨዳ ይከፍቱት ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ተዳከመ። ነዋሪው ግን አልተወውም፤ መልኩን ቀይሮ ዛሬም ሜዳውን ይጠብቃል።

ሌላ ቦታ እንዲህ አይደለም። ገብሱ ዓመት በዓመት ሽቅብ እየወጣ ገደል አፋፍ ደርሷል። ሣር የጠበበበት ጭላዳ ገብስ ውስጥ ይገባል። ያኔ ገበሬው ድንጋይ ቢያነሳ አልፈርድበትም፤ የተበላው የልጆቹ ጉርስ ነው። የምወቅሰው ከጭላዳው ገንዘብ እየሰበሰበ ኪሳራውን ለገበሬው ብቻ የሚተወውን አሠራር ነው።

ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ መጀመሪያ መድረስ ያለበት ገብሱ ለተበላበት ሰውና ሣሩን ለሚጠብቁት የአካባቢው ተወላጆች ነው። የእርሻውን ወሰንም ቢሮ ቁጭ ብሎ ካርታ ላይ ከማስመር፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሜዳው ድረስ ወጥቶ መስማማት ይሻላል።