የንፋስ ኃይል ቦታ ሲመረጥ አማካይ ነጥብ የሚደብቀው

በጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በንብርብር በንብርብር አደራርቦ በሚያሰላ ሶፍትዌር) የተሠራ የንፋስ ኃይል ተስማሚነት ካርታ ማግኘት ዛሬ ቀላል ነው። የማስተርስ ጥናቶችና የአማካሪዎች ሪፖርቶች በብዛት ይዘውት ይመጣሉ። አሠራሩም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ የንፋስ ፍጥነት፣ የመሬት ተዳፋት፣ ከመንገድና ከኤሌክትሪክ መስመር ያለው ርቀት፣ የመሬት አጠቃቀም እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣቸዋል። ባለሙያዎች ተጠይቀው ለየመስፈርቱ ክብደት ይወጣል። ነጥቡ በክብደቱ ተባዝቶ ይደመርና ከፍተኛው አረንጓዴ፣ ዝቅተኛው ቀይ ይቀባል። ካርታው ስብሰባ ላይ ሲዘረጋ ስለ አረንጓዴው የሚከራከር ሰው እምብዛም አይገኝም። እዚያ ላይ ነው መከራከር ያለብን።

በቁጥር እንየው። ለንፋስ ፍጥነት 35፣ ለኤሌክትሪክ መስመር ቅርበት 25፣ ለመንገድ 15፣ ለተዳፋት 15፣ ለመሬት አጠቃቀም 10 በመቶ ክብደት ሰጠን እንበል። አንደኛው ቦታ ከተማ ዳር ያለ ሜዳ ነው፤ መንገዱም መስመሩም አጠገቡ ነው፣ መሬቱ ደልዳላ ነው፣ ንፋሱ ግን 5.5 ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው። ለንፋሱ 2፣ ለቀሩት ሁሉ 5 ቢያገኝ ድምሩ 3.95 ይሆናል። ሁለተኛው ራቅ ያለ ነው። ንፋሱ 8 ሜትር በሰከንድ ስለሆነ 5 ያገኛል፤ ለመስመርና ለመንገድ 2፣ 2፤ ለተዳፋትና ለመሬት አጠቃቀም 4፣ 4። ድምሩ 3.55። ካርታው የመጀመሪያውን መረጠ ማለት ነው። ንፋስ የተሸከመው ኃይል ግን የሚያድገው በፍጥነቱ ኩብ ነው፦ የ5.5 ኩብ 166፣ የ8 ኩብ 512። በሁለተኛው ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር የሚያልፈው ኃይል የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ነው። ተርባይን ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ምርቱን ስለማይጨምር የሚመነጨው ኤሌክትሪክ ሦስት እጥፍ አይሆንም፤ ልዩነቱ ግን አንዱን አትራፊ፣ ሌላውን አክሳሪ ለማድረግ ይበቃል። መንገድ ይሠራል፣ መስመር ይዘረጋል፤ ንፋስ ግን በበጀት አይመጣም።

ክብደቱ የሚወጣበት ኤኤችፒ የሚባለው ዘዴ መስፈርቶችን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ከ1 እስከ 9 ያወዳድራል፤ መልሶቹ እርስ በርስ የሚጋጩበት መጠን ከ0.1 በታች ከሆነ ተቀባይነት ያገኛል። ይህች ከ0.1 በታች የሆነች ቁጥር በየጥናቱ እንደ ማረጋገጫ ትጠቀሳለች። የምታሳየው ግን መላሾቹ ራሳቸውን እንዳልተቃረኑ ብቻ ነው። ወጥ በሆነ መንገድ መሳሳትም ይቻላል።

የንፋሱ ቁጥር ራሱ ከየት ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ ከግሎባል ዊንድ አትላስ ነው። የዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ከዓለም ባንክ ጋር ያዘጋጀው ይህ ነፃ መረጃ በ250 ሜትር ስፋት ሕዋስ ይቀርባል። መነሻው ግን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የአየር ንብረት ሞዴል ነው፤ እሱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎ በመሬቱ ቅርፅና ሸካራነት ወደ 250 ሜትር ይወርዳል። ሜዳማ አገር ላይ ጥሩ ይሠራል። ገደላማ መሬት ላይ፣ በተለይ ተዳፋቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ፣ ንፋሱ ከመሬቱ ተላቆ ስለሚበጠበጥ ሞዴሉ የሸንተረሩን ጫፍ አጋንኖ ያሳያል። የስምጥ ሸለቆው ግርግዳዎች ደግሞ እንዲህ ያሉ ናቸው። አትላሱ ላይ ጥቁር ቀይ ሆኖ የሚታየው (እዚያ ቀይ ማለት ኃይለኛ ንፋስ ነው) የገደል አፋፍ ተርባይኑን የሚያንገጫግጭና ክንፉን ያለ ዕድሜው የሚያደክም ብጥብጥ ሊኖረው ይችላል። የፍጥነት 10 በመቶ ስህተት በኃይል ስሌት ላይ 33 በመቶ ይሆናል፤ የባንክ ብድር የሚሰላው ደግሞ በዚሁ ላይ ነው።

ሌላው መንገድ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ መረጃ ነው፤ እሱም ጉድ አለው። ጣቢያው በ10 ሜትር ከፍታ 4 ሜትር በሰከንድ ለካ እንበል። ወደ 100 ሜትር ለማሳደግ የከፍታዎቹ ንጻሬ (እዚህ 10) ከፍ የሚልበትን ኤክስፖነንት በመማሪያ መጽሐፍ የተለመደውን አንድ ሰባተኛ ብንወስድ 5.6 ገደማ እናገኛለን። ዙሪያው ባሕር ዛፍና ቤት ከሆነ ግን ትክክለኛው ኤክስፖነንት 0.25 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 7.1 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ከእጥፍ በላይ ነው። ጣቢያው ሲተከል ሜዳ የነበረ ቦታ ዛሬ በባሕር ዛፍ ታጥሮ ከሆነ፣ የዓመታቱ መዝገብ ንፋሱ እየቀነሰ የመጣ ያስመስላል፤ የጨመረው ዛፉ ነው።

የአየር ጥግግትም አለ። የባሕር ወለል መለኪያ በአንድ ሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። በ2300 ሜትር ከፍታና በ18 ዲግሪ ሙቀት ወደ 0.92 ይወርዳል፤ አንድ አራተኛው ጠፋ ማለት ነው። መቀሌ አጠገብ ያለው የአሸጎዳ ማመንጫ በደጋ ላይ ነው። በሶማሌ ክልል ጅቡቲ ድንበር አቅራቢያ ያለችው አይሻ ከ1000 ሜትር በታች ናት፤ ሙቀቷ ቢያቀጥነውም ጥግግቱ 1.05 አካባቢ ይሆናል። እኩል የንፋስ ፍጥነት ቢኖራቸው እንኳ እኩል ነጥብ አይገባቸውም። ስለዚህ በፍጥነት ፋንታ የኃይል ጥግግትን፣ ማለትም ዋት በካሬ ሜትርን፣ መውሰድ ይሻላል፤ አትላሱ እሱንም ይሰጣል።

ወደ መስመሩ እንምጣ፤ ብዙ ካርታ የሚወድቀው እዚህ ነው። ለኤሌክትሪክ መስመር ቅርበት ነጥብ የሚሰጠው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ያገኘውን መስመር ሁሉ በአንድ ንብርብር ይከታል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ ኃይል የሚገባውና የሚወጣው በሁለቱ ጫፍ ባሉት የመለወጫ ጣቢያዎች ብቻ ነው። መሐል ላይ ያለ ማመንጫ መስመሩን በራሱ ላይ እያየው እንኳ ሊቀጥልበት አይችልም። ካርታው ግን በግራና በቀኙ ያለውን መሬት ሁሉ በአረንጓዴ ያጅበዋል። ተለዋጭ ጅረት በሚሸከሙት ባለ 400 እና ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመሮችም ቢሆን አዲስ ማከፋፈያ ጣቢያ ሳይሠራ መግባት አይቻልም። መለካት ያለበት ባለ 132 ወይም ባለ 230 ኪሎ ቮልት ጣቢያ ድረስ ያለው ርቀት ነው፤ ትራንስፎርመሩ ትርፍ አቅም እንዳለው፣ የሚገባ መስመር ማሰሪያ ቦታ እንደተረፈው ደግሞ ከጣቢያው ጠይቆ መጻፍ ነው። ሳተላይት ይህን አያይም።

መስመር መዘግየቱም የራሱ ዋጋ አለው። በኬንያ የቱርካና ሐይቅ ማመንጫ 365 ተርባይኖችና 310 ሜጋዋት አቅም ይዞ በ2017 እ.ኤ.አ. ተተክሎ አለቀ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መስመር የተጠናቀቀው ግን በ2018 ነበር፤ የኬንያ መንግሥትም ለዘገየበት ክፍያ ተጠያቂ ሆነ። ንፋሱ በአፍሪካ ከምርጦቹ አንዱ ነው፤ በቦታ ምርጫው አልተሳሳቱም። ማመንጫውና መስመሩ በሁለት የተለያዩ የጊዜ ሰሌዳዎች መመራታቸው ነው የጎዳቸው።

ቱርካና ሌላም ነገር ያሳያል። በ2021 የኬንያ ፍርድ ቤት ማመንጫው ያረፈበት ሰፊ መሬት ይዞታ የተሰጠበት መንገድ ሕጋዊ አልነበረም ብሎ ፈረደ። በዚያው በኬንያ፣ በኪናንጎፕ ደግሞ 60 ሜጋዋት ሊያመነጭ የታሰበ ፕሮጀክት በመሬት ጭቅጭቅና በነዋሪ ተቃውሞ ምክንያት በ2016 ተሰረዘ። በሳተላይት የመሬት ሽፋን መረጃ ላይ «ባዶ ወይም ዕፅዋት የሳሳበት» የሚል መደብ አለ፤ የተስማሚነት ካርታዎች ለዚህ መደብ ሙሉ ነጥብ ይሰጣሉ። አርብቶ አደር ባለበት ቆላ ይህ «ባዶ» መሬት የዝናብ ወቅት ግጦሽ ነው፣ የግመል መንገድ ነው፣ ወደ ኤላ (የውኃ ጉድጓድ) መሄጃ ነው። በደጋው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ስላለ ባለ መሬቱ ይታወቃል፤ ካሳውም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይገዛል። የወል ግጦሽና የመቃብር ቦታ ግን በደብተር ላይ አይገኙም። ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ሄዶ በጂፒኤስ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ወጪው ከአንድ ተርባይን መሠረት ኮንክሪት ጋር እንኳ አይወዳደርም።

ክልከላና ነጥብ መደባለቅ የለባቸውም። ብሔራዊ ፓርክ፣ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ ከመኖሪያ ቤት 500 ሜትር ውስጥ ያለ መሬት፣ የአውሮፕላን ማረፊያ መቅረቢያ፦ እነዚህ ከስሌቱ በፊት ተቆርጠው ይውጡ። ነጥብ ውስጥ ከገቡ ጥሩ መንገድ መጥፎ ክልከላን ያካክሳል። ወፎችም እዚሁ ይገባሉ። ስምጥ ሸለቆና ቀይ ባሕር ከአውሮፓና ከእስያ ለሚመጡ ንስሮችና ራዛዎች ከዓለም ትልልቅ መተላለፊያዎች አንዱ ነው፤ ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው የሚገቡት ደግሞ በጅቡቲ በኩል ነው። አይሻን ሲያስቡ የፍልሰት ወራት ክትትል ከንፋስ ልኬቱ እኩል ሊታቀድ ይገባል።

ሁሉንም ንብርብር የሚያበላሽ አንድ ትንሽ ስህተት አለ። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ (ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚቆጠርበት የመሬት ቅርፅ ሞዴል) ነው፤ ጂፒኤስና ሳተላይት ደብልዩጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ይጠቀማሉ። ሁለቱን ሳይቀይሩ ቢደራርቧቸው ቤቱ፣ መንገዱና ወሰኑ 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታሉ። ከቤት 500 ሜትር ርቄያለሁ ያለ ተርባይን 300 ላይ ሊተከል ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ አገሪቱ በሦስት የዩቲኤም ዞኖች (እያንዳንዱ የራሱ የሜትር አቆጣጠር ያለው የካርታ ክፍል) ትከፈላለች፤ አዳማና መቀሌ በዞን 37 ሲሆኑ አይሻ በዞን 38 ናት። ማረጋገጫው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፦ የታወቀ መስቀለኛ መንገድ ወይም ድልድይ ይዞ በሳተላይት ምስሉ ላይ መግጠሙን ማየት።

ሕዋስ በሕዋስ የሚደመር ካርታ ሌላም ነገር ያሳስታል። እዚህም እዚያም የተበተኑ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ተደምረው «ይህን ያህል ሺህ ሜጋዋት» ይባላል። በኢተያ አካባቢ ያለው የአሰላ ማመንጫ 29 ተርባይኖችና 100 ሜጋዋት አቅም አለው። የሽክርክሪቱ ዲያሜትር 132 ሜትር የሆነ ተርባይን ጎን ለጎን በአራት፣ በንፋሱ አቅጣጫ በስምንት ዲያሜትር ርቀት ቢተከል ለእያንዳንዱ 0.56 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ለ29ኙ 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ሸንተረሩ አንድ ረድፍ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ፣ ለንፋሱ ደረቱን የሰጠ ሸንተረር ይጠይቃል። የተያያዘ መሬት የማይሠሩ ነጠብጣቦችን ከካርታው ማስወጣት ይገባል። መንገዱንም ሲቆጥሩ አስፋልት መሆኑ አይበቃም፤ ከ60 ሜትር በላይ የሆነ ክንፍ የጫነ ተሳቢ ኩርባውን ይዞራል ወይ፣ ድልድዩ የማሽኑን ክብደት ይችላል ወይ ተብሎ ከጅቡቲ ወደብ ጀምሮ መታየት አለበት።

ታዲያ በክብደት ፋንታ ምን? ብር። ከክልከላ የተረፈውን እያንዳንዱን የተያያዘ መሬት ወስዶ በዓመት የሚያመነጨውን ጊጋዋት ሰዓት ማስላት፤ ከዚያ የተርባይን፣ የመንገድ፣ የመስመር፣ የጣቢያና የካሳ ወጪውን ደምሮ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት እንደሚያወጣ ማወዳደር። የራቀው መስመር ወጪው ራሱ ይናገራል፤ ማንም 25 በመቶ ብሎ መገመት አያስፈልገውም። በኢትዮጵያ ሁኔታ ደግሞ ወቅቱም ዋጋ አለው። ከምርታችን ከ90 በመቶ በላይ የውኃ ኃይል ነው፤ በስምጥ ሸለቆው አካባቢ ንፋሱ በበጋ የሚበረታ መሆኑ ግድቦች ውኃቸውን እንዲቆጥቡ ያደርጋል። በዓመት አማካይ እኩል የሆኑ ሁለት ቦታዎች፣ አንዱ በየካቲት ሌላው በነሐሴ የሚያመነጩ ከሆነ፣ ለግሪዱ እኩል አይደሉም።

ከዚህ ስሌት የሚወጡት አምስት ወይም ስድስት ቦታዎች የመለኪያ ምሰሶ ይተከልባቸው። ምሰሶው ቢያንስ የተርባይኑን ማዕከል ከፍታ ሁለት ሦስተኛ ይድረስ፣ ቢያንስ ሙሉ አንድ ዓመት ይለካ፣ ከረጅም ጊዜ የሞዴል መረጃ ጋር ይስተካከል። ከኮረብታው ሁሉ ነፋሻውን ነጥብ ፈልጎ መትከል የተለመደ ስህተት ነው፤ አብዛኛው ተርባይን የሚቆምበትን ዓይነት መሬት የሚወክል ቦታ ይሻላል። ጨረታ ሲወጣም ቀለም የተቀባው ካርታ ብቻውን አይውጣ፤ ምሰሶው በየአሥር ደቂቃው የመዘገበው ጥሬ ልኬት፣ የክልከላ ንብርብሮቹና የተሠሩበት የካርታ መነሻ አብረው ለተጫራች ይሰጡ። መረጃ ያላገኘ ተጫራች እርግጠኛ ያልሆነበትን ሁሉ ታሪፉ ላይ ይደምረዋል፤ ያንን ታሪፍ ደግሞ ለሃያ ዓመት ያህል የምንከፍለው እኛ ነን።