ለተከበሩ ወይዘሮ ቁንጫ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ወይዘሮ ቁንጫ
ካሉበት

ጉዳዩ፦ የውሻውን ጀርባ ስለመልቀቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ የዲቃላ እረኛ ውሻ አሳዳሪዎች፣ ከማከክ በስተቀር ደህና ነን። የእርስዎን ደህንነት ከውሻው ጭራ ሥር አረጋግጠናል። እርጥብ ነጭ ወረቀት አንጥፈን ወገቡን በጣት ስናሸው ጥቁር ብናኝ ረገፈ፤ ብናኙም ውሃ ሲነካው ዙሪያው ቀላ። ተራ አቧራ አይቀላም። ኩስዎ ነው፤ ያውም የውሻው ደም ያለበት።

በመኖሪያ ምርጫዎ አናማዎትም። ስምዎ በሳይንስ መዝገብ «የድመት ቁንጫ» ሆኖ ሳለ ውሻው ላይ መስፈርዎ የሚያስገርመው እርስዎን የማያውቅ ነው፤ ውሾች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት እርስዎ ነዎት። ቦርደር ኮሊና አውስትራሊያን ሼፐርድ ከተባሉት የእረኛ ውሻ ዘሮች የተዳቀለ ውሻ ደግሞ ድርብ ፀጉር አለው፦ ላዩ ረጅም፣ ሥሩ እንደ ጥጥ ድፍን ያለ። ተራ ብሩሽ ከላይ ተንሸራቶ ሲያልፍ ታች ሆነው እንደሚስቁ እናውቃለን። ስለዚህ ፀጉሩን በመስመር በመስመር ከፍለን፣ ቆዳው እስኪታይ ድረስ የሥሩን ጥጥ ጥርሱ ረጅም በሆነ ማበጠሪያ እናወጣለን። ጥርሱ እጅግ የተቀራረበው የቁንጫ ማበጠሪያ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከጭራ ሥር፣ ከብሽሽትና ከጆሮ ኋላ። በየጊዜው ማበጠሪያውን ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን። ንጹሕ ውሃ ላይ ተንሳፍፈው ዘለው እንደሚያመልጡ ስለምናውቅ ነው ሳሙናው። ውሻውን ላጭተው የሚገላገሉ የሚመስላቸውም አሉ። ከፀሐይ የሚከልለውን ልብስ ይገፉታል፣ ፀጉሩ ሲመለስ ተዘበራርቆ ሊበቅል ይችላል፣ እርስዎም በቀረው ላይ ኑሮዎን ይቀጥላሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ስም ማጥፋትዎ ነው። ይህ ውሻ ልጆችን፣ እንግዶችንና ድመትን ዙሪያቸውን እየሮጠ ይሰበስባል፣ ተረከዝም ቆንጠጥ ያደርጋል። ተፈጥሮው ነው፤ ሥራ ካልሰጡት ራሱ ሥራ ይፈጥራል። እርስዎ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ሲነሡት ግን ወገቡን የነካውን ሁሉ ማጉረምረም ይጀምራል፣ ቆንጠጡም ንክሻ ይሆናል። ባለቤቱ «ጠባዩ ተበላሸ» ብሎ አሠልጣኝ ፍለጋ ይሄዳል፤ እርስዎም ሳይጠረጠሩ ይቀራሉ። ነገሩን የሚለየው ቦታው ነው። መሰልቸት ያስጨነቀው ውሻ ብዙውን ጊዜ የፊት እግሩን አንጓ እየላሰ ያቆስላል፤ የእርስዎ ሥራ ደግሞ በጭራ ሥር፣ በኋላ ጭንና በሆድ ላይ ይታያል። ምራቅዎ አለርጂ የሚሆንበት ውሻ ሲሆን ጥቂት ንክሻ ብቻ ወገቡን ይመልጠዋል፤ ያኔ ቢፈልጉም አንዲት ቁንጫ ላይገኝ ይችላል።

ቤተሰብዎን በተመለከተ፣ በተለመደው ግምት ውሻው ላይ የምናያችሁ አዋቂዎች ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ብቻ ናችሁ። የቀረው 95 በመቶ እንቁላል፣ እጭና ሙሽራ (ከረጢት ውስጥ ሆና ወደ አዋቂነት የምትለወጥ ቁንጫ) ሆኖ ምንጣፍና ሶፋ ሥር ያለ ኪራይ ይኖራል። ደም ከቀመሱ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እንቁላል መጣል ይጀምራሉ፣ ብሎም በቀን ከ40 እስከ 50 ያደርሳሉ። እንቁላሉ አይጣበቅምና ውሻው በተኛበት ሁሉ ይረግፋል። እጮቹ ከላይ የሚወርድላቸውን ኩስ እየበሉ ያድጋሉ (ለልጅ ስንቅ መላክ ይሏል ይህ ነው)፣ ከዚያ ሐር መሰል ከረጢት ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ውስጥ መድኃኒት እምብዛም አያገኛቸውም፤ ሙቀት፣ ትንፋሽና የእግር ንዝረት እስኪሰማቸው ወራት ሊጠብቁ ይችላሉ። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት አቀባበል የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ቫኪዩሙን በየቀኑ ስናስነሣ ለጽዳት ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ንዝረቱ ልጆችዎን ቀስቅሶ መድኃኒት ወዳለበት ውሻ እንዲያወጣቸው ነው። የቫኪዩሙን የቆሻሻ ከረጢት ወዲያው ከቤት እናወጣዋለን። የውሻውን መኝታ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ እናጥባለን። የመኪናውን ወንበርም አንረሳም።

ስለ መድኃኒቱ ግን ከእርስዎ ይልቅ ወገኖቻችንን መውቀስ ይገባናል። ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን የተባለ የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት በግምት የሚሰጥ አለ። ለቁንጫ እምብዛም አይሠራም። በኮሊ ዘር ውስጥ ደግሞ ኤምዲአር1 የተባለው ጂን ጉድለት ይወረሳል፤ በ2001 የታወቀ ነገር ነው። ይህ ጂን የአንጎል ዘበኛ ነው፣ የገባውን መድኃኒት መልሶ ያስወጣል። ዘበኛው ከሌለ የከብቱ መጠን ውሻውን ያንገዳግደዋል፣ ለሃጩን ያዝረበርበዋል፣ ዓይኑን ያሳውረዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ዲቃላ ከሆነ በመልክ አይታወቅም፤ ነጭ እግርም ሰማያዊ ዓይንም አይመሰክርም። ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ይመሰክራል። በቅርቡ ይህ መድኃኒት የተሰጣቸውን ፈረሶችና በጎች ፋንድያና በጠጥም ቢሆን ውሻው እንዳይበላ ማድረግ ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት የሚያበሉ ደግሞ አሉ፤ የቀይ ደም ሕዋሱን ይጎዳል፣ እርስዎን አያስደነግጥም። ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ ያለበት የውሻ መድኃኒት አጠገቡ የምትተኛውን ድመት ሊገድል ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ ከሆነ፣ በእነዚህ ዘሮችም የታወቀ ነው፣ በየወሩ የሚዋጠውን የቁንጫ ክኒን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ትክክለኛው መድኃኒት ተገዝቶም የሚያመልጡበትን ቀዳዳ ደርሰንበታል። ቆዳ ላይ የሚንጠባጠበው የቁንጫ መድኃኒት ፀጉሩ ላይ ይፈስሳል፣ ቆዳው ጋ ሳይደርስ። ወይም ውሻው ገና በሻምፑ ታጥቦ ነው፤ መድኃኒቱን የሚያሠራጨው የቆዳ ቅባት ስለታጠበ ሁለት ቀን መጠበቅ ነበረበት። ክብደቱም በዓይን ይገመታል፤ 18 ኪሎው ውሻ በዚያ ፀጉር 25 ይመስላል። በሦስተኛው ሳምንት እርስዎን የመሰለ ሲታይ ደግሞ «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብሎ ይቋረጣል። የታየችው ከከረጢቷ የወጣች ልጅዎ ናት፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ቢያንስ 3 ወር ሳይዘለል፣ በቤቱ ላሉ እንስሳት ሁሉ ይሰጣል።

በውሻው ፊንጢጣ ዙሪያ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ከታየም የእርስዎ ስጦታ መሆኑን አንስተውም፦ ውሻው ሲቆነጥጥዎ ከዋጠዎ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል አድርሰውለታል። የትሉን መድኃኒት ሰጥቶ እርስዎን መተው ማለት ትሉን መልሶ መጋበዝ ነው።

ከሰላምታና ከማበጠሪያ ጋር

ግልባጭ
ለአቶ መዥገር፦ የእርስዎ ደብዳቤ በሌላ ፖስታ ይደርሳል
ለቤቱ ድመት፦ ለሕክምና እንድትቀርብ
ለቫኪዩሙ፦ ሶፋው ሥር